ያልነበረው ሽማግሌ

መላኩ የሚባለውን ሰው በሕይወት ሳለ አይቼው አላውቅም። የነደፈው እባብ ነው። ሐኪም ቤት እንዳይደርስ ያስቀረው ሌላ ሰው ነው። እኔ የመጣሁት ከሁለቱም በኋላ ነው፤ መጥቼም ጥፋቱን ሁሉ በሟቹ ላይ አላከክሁ። ያውም በቲያትር፣ ያውም በሕዝብ ፊት፣ ያውም እየተጨበጨበልኝ።

ይህን ስተርክ አንገቴን ደፍቼ በለሰለሰ ድምፅ እንዳወራ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይወቅልኝ። ንዴቴ አልበረደም። እንዲበርድም አልፈልግም።

ይበልጣል እባላለሁ፤ ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር ተወልጄ አደግሁ፣ አማርኛና ሥነ ጽሑፍ ተማርሁ፣ ከዚያ ዕጣ ወጣና መተማ ወረዳ ተመደብሁ። ቦታው ከሽንፋ ወጣ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ቀበሌ ነው። ክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። በበጋ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ የክፍሉ ቆርቆሮ ከሙቀቱ ብዛት ይንጫጫል፤ ተማሪው ደብተሩን የሚጽፍበት ሳይሆን የሚያራግብበት ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ ራሴን በረሃ ላይ የተጣለ ዕንቁ አድርጌ የማይ ሰው ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቲያትር አዘጋጅቼ ተጨብጭቦልኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ጎንደር ለመዛወር ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬያለሁ።

በዚያ ዓመት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ትራጄዲን ሳስተምር ሦስት ሳምንት ፈጀሁበት። መጽሐፉ ሁለት ገጽ ነው የሰጠው፤ እኔ ግን ዘረጋሁት። "ባለታሪኩ ከፍ ያለ ሰው ነው፤ ግን አንድ ጉድለት አለበት" እላለሁ እጄን እያወናጨፍሁ። "ኩራት ይሁን፣ ችኩልነት ይሁን፣ ስስት ይሁን፣ መከራው በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ዕጣው ይገለበጣል። ሁሉ ካለፈ በኋላ ዓይኑ ይገለጥና የገዛ ጥፋቱን ያውቃል። ተመልካቹ ይፈራል፣ ያዝናል፣ ያለቅሳል። አልቅሶም ስሜቱ ነጽቶ፣ ቀሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።"

ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ትርንጎ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን የማታሽሞነሙን ልጅ ነች።

"ቲቸር፣ ምንም ጉድለት የሌለበት ሰው መከራ ቢደርስበትስ?"

"እሱ አደጋ ነው እንጂ ትራጄዲ አይባልም" አልኋት።

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ ሙሉ ደብተር ይዛ መጣች። ቲያትር ጽፋለች።

የጻፈችው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የሆነውን ነው። አባቷ፣ አወቀ ይባላል፣ አቶ ደምሌ በሚባሉ ባለሀብት የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። መላኩ ደግሞ ከወሎ፣ ከደላንታ፣ ለአጨዳ የወረደ ሳሉግ ነበር፤ ቆላው የቀን ሠራተኛውን እንዲያ ነው የሚጠራው። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ይቆማል። ያንን ክምር ሂላ ይሉታል። ከደረቀ በኋላ ቶሎ ካልተራገፈ ንፋስ ወይም ዝናብ መሬት ላይ ያፈሰዋል። እባብ ደግሞ የሂላ ጥላ ይወዳል።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ መላኩ አንዱን ነዶ ሲያነሳ ተነደፈ። ትራክተሩ ከነተሳቢው እዚያው ነበር። የአቶ ደምሌ መኪናም ዛፍ ሥር ቆማለች። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። አወቀ "ጌታዬ፣ ላድርሰው" ብሎ ለመነ። አቶ ደምሌ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ያለ ወቅቱ ደመና መጥቷል። "ሰሊጡ ዛሬ ካልተራገፈ አለቅሁ። ትራክተሩ ከዚህ ንቅንቅ አይልም። እግሩን አሳርፉት፣ ትንሽ ይታገስ" አሉ። የተነደፈው እጁ መሆኑን እንኳ አላዩም። ስለ መኪናቸው የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሳቸውም አላነሱት። ትንሽ የተባለው እኩለ ቀን ሆነ። እኩለ ቀኑ አለፈ። መላኩ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ግራር ሥር ሞተ። ዝናቡ አልዘነበም።

ትርንጎ ይህንኑ ነው የጻፈችው። ምንም አላስጌጠችም። አንብቤ ስጨርስ ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብሁት። በማግስቱ ለወላጆች ቀን እናሳየዋለን ብዬ ተዋናዮች መረጥሁ።

ልምምዱ በተጀመረ በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"አንተ ሰው፣ ልታፈርሰን ነው?" አለኝ። "የክብር እንግዳው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አቶ ደምሌ ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ቤተ መጻሕፍቱን የሠራልን እሱ ነው። ዘንድሮ ሁለት ክፍል ሊጨምርልን ነው። በፊቱ ገዳይ ነህ ልትለው ነው?"

"ስሙን እንቀይረዋለን።"

"ስም ብቻ አይደለም፣ ነገሩን ቀይረው። አንተ የቲያትር ሰው ነህ፣ ታውቅበታለህ። ካልሆነ ይሰረዝ።" ከዚያ መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አወጣ፤ የዝውውር ማመልከቻዬ ነው። "ይህም የኔን ፊርማ እየጠበቀ ነው" አለ። ወረቀቱን መልሶ ከተተው።

ከዚህ በላይ አላስፈራራኝም። ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በገዛ እጄ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቀየርሁት።

አንድ ሽማግሌ ፈጠርሁ። ነጭ ጢም ያላቸው፣ በትር የያዙ፣ ቆላውን የሚያውቁ። "ልጄ፣ ሂላውን በበትር ሳትመታ እጅህን አትስደድ" ይሉታል። ባለታሪኩ፣ ስሙን አስማረ ብዬዋለሁ፣ ይስቃል። "እባብ እኔን አይደፍርም!" ይላል። ይኸው ኩራት ተገኘ። ሲነደፍ ጌታው ሰሊጡን ጥለው፣ እያለቀሱ፣ በክንዳቸው ታቅፈው መኪናቸው ላይ ይጭኑታል። መንገድ ላይ ይሞታል። ሊሞት ሲል "ምክር አልሰማሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ይናዘዛል። ጉድለት አለ፣ መገለበጥ አለ፣ ማወቅ አለ። ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሠርቼ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከልጅቷ ጽሑፍ የእኔው የበለጠ መሰለኝ።

ሰኞ አዲሱን ጽሑፍ ትርንጎ ቆማ አነበበችው።

"ቲቸር፣ እኚህ ሽማግሌ ማን ናቸው?"

"ገጸ ባሕርይ ናቸው። እኔ የፈጠርኋቸው።"

"አባቴ እኮ እዚያ ነበረ። የመከረው ሰው አልነበረም። ሁሉም በእጁ ነበር የሚያነሳ።"

"ትርንጎ፣ ይህ ድራማ ነው። ያለ ጉድለት ሰውዬው ለምን ወደቀ ልንል ነው?"

"እባብ ነደፈው። መኪናው ቆሞ ነበር።"

"እንዲያ ከሆነ ዜና ነው እንጂ ጥበብ አይደለም።"

ወረቀቱን አጠፈችው። "ጉድለቱን ለመላኩ ከሰጡት፣ ለጋሽ ደምሌ ምን ቀረላቸው?"

"እንባ" አልኋት። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኋት፣ ጥሩ መልስ የመለስሁ መስሎኝ።

"እሺ ቲቸር" አለችና ሄደች። የሠራተኞቹ ወጥ ሠሪ ሆና እንድትጫወት መደብኋት፤ መጨረሻ ላይ ከማልቀስ በቀር ንግግር የላትም።

የወላጆች ቀን መጋቢት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ዋለ። ግቢው ውስጥ በማሽላ አገዳና በሸራ ዳስ ተጣለ። ከየእርሻው ሰው በትራክተር ተሳቢ እየተጫነ መጣ። አወቀም የእርሻውን ሰዎች ይዞ መጥቶ ትራክተሩን ከአጥሩ ሥር አቆመ። አቶ ደምሌ ከፊት ለስላሳው ወንበር ላይ ከርዕሰ መምህሩ ጎን ተቀመጡ። ድምፅ ማጉያው ገና ከጧቱ ይጮህ ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ በሩ ላይ ቆሜ ሰው ሳስገባ አንዲት ሴት መጣች። ዕድሜዋ አርባውን አልፏል። ጥቁር ለብሳለች። የፕላስቲክ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ነው። ፌስታል ይዛለች።

"ጤና ይስጥልኝ የኔ ጌታ" አለችኝ። "ሽንፋ ላይ ስጠይቅ ወደዚህ አመለከቱኝ። ወንድሜን ብዬ ነው የመጣሁ። ከደላንታ ነው የምመጣ።"

"እርሻ ላይ ነው የሚሠራው?"

"አዎ፣ እርሻ ላይ ነው የነበር።"

"የነበር" ያለችውን ሰምቻለሁ። ጥቁር መልበሷንም አይቻለሁ። ግን ልቤ መድረኩ ጋ ነበር። "ዛሬ ቲያትር አለን፤ የየእርሻው ሰው እዚሁ ነው። እስኪያልቅ አረፍ ይበሉ፣ ከዚያ እናጠያይቅልዎታለን" ብዬ ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኋት። ውሃ ሰጠኋት። መረቀችኝ።

ቲያትሩ ተጀመረ። አስማረን የሚጫወተው ተማሪ የወሎ አነጋገር ይችልበታል፤ "ከደላንታ የወረድሁ ነኝ" ብሎ ባወራ ቁጥር ሕዝቡ በሳቅ ይፈነዳል። ስሙን ስቀይር አገሩን የተውሁት ለዚህ ነበር፣ እንዲያስቅልኝ። ሽማግሌው ሲመክሩ ከሰው መሀል "እውነታቸውን ነው!" የሚል ድምፅ ተሰማ። እባቡ ሲነድፈው ሴቶች ደረታቸውን ያዙ። ጌታው እያለቀሱ ሲያቅፉት የኋላው ሰው ለማየት ብድግ አለ። ከመጋረጃው ጎን ሆኜ አቶ ደምሌን አየኋቸው። መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው። እውነተኛ እንባ ነበር። ተሳክቶልኛል አልሁ በልቤ።

አስማረ "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ራሱን ሲጥል፣ ጭብጨባው ሳይጀመር፣ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

"እስቲ ቆዩ። እስቲ ባካችሁ ቆዩ።"

ያቺ ሴት ቆማለች። በወንበሮቹ መካከል ቀስ እያለች ወደ መድረኩ መጣች።

"ይህ የደላንታው ሰው መላኩ ነው? የኔ ወንድም ነው?"

የሞተው ተማሪ ከወለሉ ላይ ቀና ብሎ እኔን አየ።

"እኔ ዘነቡ እባላለሁ፣ እህቱ ነኝ" አለች። "በስልክ እባብ ነደፈው፣ ሞተ፣ ተቀበረ ብቻ ነው ያሉን። እንዲህ መሆኑን የነገረን የለም። እኒያ ሽማግሌ የት አሉ?" ዞር ዞር ብላ ፈለገች። "ልጅ ነው የተጫወታቸው፤ እውነተኛው ሰውዬ እዚህ አገር ይኖሩ የለ? አሳዩኝ። ወንድሜ ባይሰማቸውም መክረውታል። ጉልበታቸውን ልሳም።"

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጎኑ ያይ ጀመር። ሁሉም እዚያ አገር የሚኖር ነው፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ኪሴ ውስጥ ታጥፈው በወረቀት ላይ ነበሩ።

ሽማግሌውን የሚያሳያት ስታጣ ሌላ ጠየቀች። "እኒያ ያለቀሱለት፣ በመኪናቸው የጫኑት ጌታስ?"

አሁን ዓይን ሁሉ ወደ ፊት ወንበር ሄደ። አቶ ደምሌ "አይዶለም፣ እንዲህ አልሆነም" ማለት ይችሉ ነበር። ዝም ማለትም ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተነሡ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "እግዜር ያጥናሽ። የተቻለኝን አደረግሁ፤ ዕጣው ሆነ።"

እትዬ ዘነቡ ፌስታሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። ተንበረከከች። ጉልበታቸውን ሳመች። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም እያፈራረቀች ሳመች። እሳቸው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ቆመዋል።

እኔስ ምን አደረግሁ? ምንም። የመጋረጃውን ገመድ ይዤ ቆሜ ነበር።

የተንቀሳቀሰችው ትርንጎ ነች። ከመድረኩ ጫፍ መጥታ "እትዬ፣ ይነሡ" አለች። ሴትዮዋ አልሰማቻትም። "እትዬ ይነሡ! ሰውዬው አልጫኑትም!"

"ማይኩን አጥፋው!" ብሎ ርዕሰ መምህሩ ጮኸ። ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ልጅቷ ግን ጉሮሮ ነበራት።

"ሽማግሌ የሚባል አልነበረም! ወንድምዎ አልኮራም። ሰሊጥ ነው ያነሳ፣ እንደማንኛውም ሰው። መኪናው ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ትራክተር የሚነዳው አባቴ ላድርሰው ሲል ጋሽ ደምሌ ሰሊጤ ይራገፍ ብለው ከለከሉ። ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሲያጣጥር ሰሊጥ ሲራገፍ ነበር!"

"ይህችን ማን ነው ያስተማራት?" አሉ አቶ ደምሌ። ፊታቸው ላይ ያለው እንባ ገና አልደረቀም።

ርዕሰ መምህሩ እየሮጠ መጥቶ ማይኩን እጄ ውስጥ ወሸቀው። "መምህር ይበልጣል፣ ተናገር! የልጅ ፈጠራ ነው በል!" ከዚያም ወደ ጆሮዬ ቀርቦ "ወረቀትህን አስብ" አለኝ።

ማይኩ እንደገና በራ። የተናገርሁት ጥቂት ነው። "ሽማግሌውን የፈጠርኋቸው እኔ ነኝ። እንባውንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። የልጅቷ ነው እውነቱ።" ይህን ያልሁት ደፋር ስለሆንሁ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ተማሪ ቀድማኝ ብቻዋን እሳት ውስጥ ገብታለች። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ከመናገር ይልቅ ይከብድ ነበር።

ከአጥሩ ሥር፣ ከትራክተሩ ጎን፣ አወቀ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። እትዬ ዘነቡ ተነሥታ ጠበቀችው።

"ነጂው አንተ ነህ?"

"ነኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር" አለ። "እንቢ ብዬ መንዳት እችል ነበር። እንጀራዬን ፈራሁ።"

"ሐኪም ቤቱ ስንት ያስኬዳል?"

"በትራክተር አርባ ደቂቃ። በእሳቸው መኪና ከዚያም ያንሳል።"

"ይናገር ነበር?"

አወቀ መሬት መሬት እያየ "እስከ ስምንት ሰዓት ይናገር ነበር" አለ። "ውሃ ስጠኝ ይለኛል። ፈቀዱ ወይ ይለኛል። ቆይተው ይፈቅዳሉ እለዋለሁ።"

አላለቀሰችም። ዞራ አቶ ደምሌን አየቻቸው። ቅድም "እኒያ ጌታ" ነበር ያለቻቸው፤ አሁን አንተ አለቻቸው።

"ጉልበትህን ስሜያለሁ" አለች። ነጠላዋን አንስታ ከንፈሯን ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ቆዳው እስኪቀላ ጠረገች።

አቶ ደምሌ "ቢደርስስ ይድን ነበር? መድኃኒቱ እኮ እዚያም ላይኖር ይችላል!" እያሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆኛል። ይድን ነበር ወይ? አላውቅም። ማንም አያውቅም። እንዳናውቅ ያደረገን ማን ነው? ቢደርስና ቢሞት ኖሮ ሞት ብቻ በሆነ። ሳይሞከርለት ነው የሞተው። እኔም ያንን ነው "ኩራት" ብዬ የሰየምሁት።

አወቀ ማንንም ሳያስፈቅድ ትራክተሩን አስነሣ። እትዬ ዘነቡን፣ ትርንጎንና እኔን፣ ጥቂት ሳሉጎችንም ጭኖ መቃብሩ ወዳለበት ቤተ ክርስቲያን ወሰደን። ከአጥሩ ጥግ፣ የመንገደኛና የሳሉግ መቃብሮች ባሉበት፣ የተደለደለ አፈር ነው። ምልክት የለውም። "ይህኛው ነው" አለ አወቀ። እህቱ እዚያ ላይ ነው ያለቀሰችው፤ መላኩን በስሙ እየጠራች፣ ቤት ጀምሮ ጣራ እንዳላለበሰ፣ ለሷ ልጆች ጫማ ይዤ እመለሳለሁ እንዳለ፣ ሲዘፍን ድምፁ እንደማያምር እያነሳች። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም ነበር። ስለ አንድ ሰው ሞት ስጽፍ ስለ ሰውዬው አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አወቀ በሳምንቱ ከሥራ ተባረረ፤ አሁን ሌላ እርሻ ላይ ይነዳል። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ዝውውሬም አልተፈረመም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳንጃ አካባቢ ሄድሁ። አቶ ደምሌ ላይ ግን ምንም አልደረሰም። ሽማግሌዎች፣ በዚህ ጊዜ እውነተኞቹ፣ እኔ ዘንድ መጥተው "ይቅርታ በላቸው፣ ሰው ፊት አዋርደሃቸዋል" አሉኝ። አላልሁም። በሚቀጥለው ጥቅምት ሳሉጉ ተመልሶ እርሻቸው ላይ ወረደ፤ ምን ያድርግ፣ መብላት አለበት። እዚያ የሚያስተምር ጓደኛዬ እንደነገረኝ ሁለቱ ክፍሎች ተሠርተዋል። በራቸው ላይ የአቶ ደምሌ ስም አለ።

ዛሬም ትራጄዲ አስተምራለሁ። ጉድለትን፣ መገለበጥን፣ ማወቅን አስተምራለሁ፤ መጽሐፉ ውስጥ አሉ፣ ፈተና ላይም ይመጣሉ። እዚያ ላይ ግን አላቆምም። ድሃ ሲሞት ጉድለቱን ለማግኘት የምንቸኩለው ለምንድን ነው? ሾፌር ይሞታል፣ "ጫት ቅሞ ነበር" እንላለን። ስደተኛ በረሃ ላይ ይቀራል፣ "ማን ሂድ አለው" እንላለን። ሴት ትገደላለች፣ "ምን ብላው ነው" እንላለን። ሁላችንም ቁጭ ብለን ሽማግሌ እንፈጥራለን። መካሪ ካለ ጥፋተኛው ያልተመከረው ይሆናላ! አልቅሰን ይቀለናል። አቶ ደምሌም እኮ ቀሏቸው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያቀለልሁላቸው እኔ ነኝ። እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ይህን አንብባችሁ ከቀለላችሁ እኔ ዳግመኛ በድያለሁ ማለት ነው።

እትዬ ዘነቡን በማግስቱ ጧት ሽንፋ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሸኘናት። ያደረችው እነ ትርንጎ ቤት ነው። መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ እኔን ሳታይ፣ ለትርንጎ "አንቺ የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አለቻት። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ቆማ አነበበች። እትዬ ዘነቡ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ፈቀዱ ወይ የሚለው ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ ቢሆንም አላስቆመቻትም።

ሲያልቅ "ሁሉም ልክ ነው" አለች። "አንድ ነገር ብቻ ተሳስተሻል። በቀኝ እጁ አነሳ ትያለሽ። መላኩ ግራኝ ነው።"

አወቀ ጎናችን ቆሞ ነበር። "እውነት ነው" አለ። "ያበጠው ግራው ነበር።"

ትርንጎ ጉልበቷ ላይ ደብተሩን አስደግፋ "ቀኝ" የሚለውን ሰረዘችና "ግራ" ብላ ጻፈች። እትዬ ዘነቡ ማንበብ አትችልም። "የቱ ጋ ነው?" አለቻት። ልጅቷ አሳየቻት። ሴትዮዋ ጣቷን ቃሉ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ረዳቱ ሲጠራ ፌስታሏን አንስታ ተሳፈረች።